የጉም በር ድቤ

አንድ ጊዜ፣ የደጋ እንስሳት ሁሉ የሚልሱት ጨው በአህዮች ጀርባ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ይመር የሚባል አህያ ነበረ። ሥራው መምራት ነበር። አሥራ ሁለት አህዮች አሞሌ ጭነው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጡ እሱ ከፊት ይሄዳል። ድቤ የሚባል የቆዳ ከበሮ ከደረቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እየተራመደ በጉልበቱ ይመታዋል።

ከቆላ ወደ ደጋ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው። የጉም በር ይባላል። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። ስፋቱ አንድ አህያ ከነጭነቱ ቢያሳልፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ይሞላዋል። ጉሙ ሲሞላ አንዱ አህያ ከፊቱ ያለውን ጭራ አያይም። ጅብም ይህን ስለሚያውቅ ከሥር ካለው ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚቀረውን ይጠብቃል።

ስለዚህ አህዮቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ይመር ድቤውን ሦስት ጊዜ ይመታል፤ «ሶሉ ዓለነቢ» ብሎ መንዙማውን ያወጣል። ከኋላው ያለው ይቀበላል። ከዚያ ኋላ ያለው ይቀበላል። እንዲህ እያለ ዜማው ከአንዱ ወደ አንዱ እየወረደ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። መጨረሻ የምትሄደው እማ ጦይባ ናት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። መንገዱን የምትለየው በድምፅ ነው። የእሷ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም አለ ማለት ነው፤ ይመር ጉዞውን ይቀጥላል። ድምፁ መሀል ላይ ከተቋረጠ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ የቀረው ተፈልጎ ይገኛል። በዚህ ልማድ ሰባት ዓመት ሙሉ ጅብ አንድ አህያ አላገኘም።

ድቤው የአባ ቡሬ ነው። አባ ቡሬ አሮጌ በሬ ነበር። ሊሞት ሲል አህዮቹን ጠርቶ «ዕድሜዬን ሙሉ ከእናንተ ጋር ጨው ልሻለሁ፤ ቆዳዬን ድቤ አድርጉትና ከእናንተ ጋር ልሂድ» ብሎ ተናዘዘ። እንዳለው አደረጉ።

ከይመር ኋላ፣ ሁለተኛዋ ቦታ ላይ፣ የምትሄደው ልጁ ሐያት ነበረች። ጭነት አትጭንም። ትንሽ ናት። አባቷ ሲያወጣ መጀመሪያ የምትቀበለው ግን እሷ ነች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አንዳንዴም ከዜማው ቀድማ ትደርሳለች። ይመር «ቀስ በይ፣ ድቤውን ጠብቂ» ይላታል። «ድቤው ነው የሚዘገየው» ትላለች።

በሐምሌ ሳል ያዛት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ይመር ራሱ ቀበራት። ሚስቱ ሉባባ አለቀሰች። ይመር አላለቀሰም፤ ደከመው እንጂ። ተኝቶ ሲነሳ ይደክመዋል። ሣር ሲግጥ ይደክመዋል። ጎረቤት መጥቶ «እንዴት ነህ?» ሲለው «አልሐምዱሊላህ» ለማለት እንኳ ይደክመዋል። ድቤውን ከግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ክረምቱን በሙሉም ቀና ብሎ አላየውም።

ክረምቱ ወጣ። መንገዱ ደረቀ። የደጋ ላሞች ጨው አጥተው ድንጋይ መላስ ጀመሩ። «ነገ እንነሳለን» የተባለ ዕለት ሁለት እንግዶች ወደ ይመር በር መጡ። አንዱ ቀበሮ ነው፤ ሌላው አያ ጅቦ።

ቀበሮ ጥምጣም አስሯል። ክረምቱን የከረመው ከደረሶች፣ ኪታብ ከሚማሩ ተማሪዎች፣ መንደር አጠገብ ነው። የሄደው ዶሮ ፍለጋ ነበር። ዶሮ ሲጠብቅ ግን የሚቀሩትን ትምህርት ሰማ፤ አምስት ስድስት ቃል ያዘ። ሲመለስ «ሸህ ቀበሮ በሉኝ» አለ። ከሰነፎቹ አንዳንዶቹ አሉት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ የሐዘን ቤት» አለ ቀበሮ። «ጎርፉ ከለከለን እንጂ ቀድመን በደረስን ነበር።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ግቡ» አለ ይመር።

ጅብን ግባ ማለት የአህያ ልማድ አይደለም። ለለቅሶ የመጣን ግን ማንም ከበር አይመልስም። አያ ጅቦ ገባ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ እዚህ ያውቁታል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከግድግዳው ላይ አልተነሳም።

«አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አለ ቀበሮ።

«አሚን።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሁለተኛዋን ልትይዝ ነበር።»

«በጣም ለስላሳ ዕድሜ ነው» አለ ጅቦ።

ቀበሮ በጭራው ገረፈው። «ለጋ ነበረች ማለቱ ነው። ሐዘን ሲገባው እንዲህ ነው፤ ቃል ያጣል።» ከዚያ ወደ ይመር ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር አለ። ባልነግርህ ነገ አላህ ፊት እኔ እጠየቅበታለሁ። ያ የተሰቀለው ምንድን ነው?»

«ድቤ ነው። ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀው ነው የምፈራው። ዘፈን ሐራም ነው። ድቤ ደግሞ የዘፈን እናት ነው። ክረምቱን ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው።»

«የምንለው መንዙማ ነው» አለ ይመር። «ነቢን ነው የምናወድሰው።»

«ቃሉ ምንም አይልም። መጥፎው ቆዳው ነው።»

«ቆዳው» አለ ጅቦ፤ ምራቁንም ዋጠ።

ይመር መከራከር ነበረበት፤ አቅም አጣ። ቀበሮ ይህን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጅህ ከማን ኋላ ነበር የምትሄደው?»

«ከእኔ።»

«እንግዲህ ድቤው ሲመታ ከሁሉም የቀረበች እሷ ነበረች ማለት ነው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። አላህ ነው የሚያውቀው። አንዷ ሄደች፤ ሌላዋም...» ብሎ ጓዳ ወደ ተኛችው ወደ ሉባባ አመለከተ። የሉባባ ሆድ ገፍቶ ነበር። «ለሚመጣው እንኳ ብትጠነቀቅ ምናለ ነው የምልህ።»

እውነቱ እንዲህ ነው። ይመር ቀበሮን አላመነውም። ቀበሮን ማን ያምናል? ነገር ግን ከሐያት ሞት ወዲህ አንዲት ጥያቄ ሆዱ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ «ምን አጥፍቼ ነው?» የምትል። ሌላው ሁሉ «አላህ ሰጠ፣ አላህ ነሳ» ሲለው ቀበሮ ግን መልስ ይዞ መጣ። መጥፎ መልስም ቢሆን መልስ ነው። ደግሞ ሌላም ነበረ። ነገ ጠዋት ተነስቶ «ሶሉ ዓለነቢ» ማለት አለበት፤ ከዚያ ከኋላው ያ ቀጭን ድምፅ አይመጣም። ያን ዝምታ ከመስማት ፈጽሞ አለማውጣት ይሻለው ነበር። ቀበሮ የማያወጣበትን ምክንያት ሲሰጠው፣ ይመር ቀለል አለው።

«ውሰዱት» አለ።

ጅቦ ሳይባል ተነሳ። ድቤውን አወረደ። በሩ ላይ ሲደርስ ጠርዙን አንዴ ላስ ሲያደርገው ይመር አየ። አቧራውን እየጠረገ ነው ብሎ አለፈው።

በዚያው ቀን ሁለቱ መንደሩን በሙሉ ዞሩ። ከፍየሎች ከበሮ ወሰዱ። ከጦጢት ቤት ክራርና ዋሽንት ነበረ። ክራሩን ወስደው ማታ መለሱት፤ ጅማቱ የለም፣ እንጨቱ ብቻ ነው። ዋሽንቱን ጅቦ አንዴ ነክሶ አየና «ይሄ ይቅርላት» አለ። ቀበሮም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ በጉም በር ድምፅ የሚያወጣ እንዳይኖር» ብሎ አስነገረ።

በማግስቱ አህዮቹ አሞሌውን ጭነው በዝምታ ወጡ።

የጉም በር እንደ ልማዱ ሞልቶ ነበር። ከኮቴ በቀር የሚሰማ የለም። ኮቴው ደግሞ ከቋጥኙ ጋር ሲጋጭ ከፊትም ከኋላም ይመጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ይመር ሁለት ጊዜ ቆመ። ጉልበቱ በልማድ ወደ ደረቱ ተነሳ፤ የሚመታው ነገር የለም። ዝም ብሎ ሄደ። እንደፈራው አልነበረም። ዝምታው የሐያትን ቦታ ሸፍኖላት ነበር፤ ሁሉም ዝም ሲል የእሷ ዝምታ ለብቻው አይታወቅም።

ከላይ ሲደርሱ ቆጠራቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

«እማ ጦይባስ?» አለ።

ማንም አልመለሰም።

ጉሙ ሳይገፈፍ መመለስ አይቻልም። ጠበቁ። ፀሐይ ከፍ ስትል ይመር ጭነቱን ጥሎ ወረደ። ከመንገዱ በታች ባለች ጠባብ ጥግ ላይ አገኛት። አሞሌው ገደል ገብቷል። ግራ ጆሮዋ የለም። ደሙ አንገቷ ላይ ደርቋል። ከላይዋ ካለው ቋጥኝ ላይ ሦስት ፍየሎች ቆመው ወደ ታች ያያሉ።

«እማ ጦይባ።»

«አለሁ» አለች። «ጆሮዬን ወሰደው። የሚሰማ ነገር ስለሌለ ብዙም አልተከራከርኩት።»

«እንዴት ተረፍሽ?»

«ተቀበልኩ።»

«ምኑን ነው የተቀበልሽው? እኔ አላወጣሁም።»

«አላወጣህም። መንገዱ ጠፋኝ። ጆሮዬ ላይ ትንፋሽ ሲመጣ፣ የማውቀው ሌላ ነገር ስለሌለ፣ 'ሶሉ ዓለነቢ' ብዬ ተቀበልኩ። ፍየሎቹ ሰሙና ድንጋይ ለቀቁበት። እኔ የሚያወጣ ሳይኖር እቀበላለሁ። አንተ ተቀባይ እያለህ ዝም ትላለህ። አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፣ ልጄ።»

ይመር ትከሻዋን በትከሻው ደግፎ ወደ ላይ አወጣት። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

ወደ ቆላ ወርዶ ቤት ሲገባ ሉባባ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ» አለች። «ስሰማው ያናድደኝ ነበር። አንተ ግን አለማስጣልህ ሳያንስ ጅቡን ቤት አስገብተህ ድቤውን አሸክመህ ሸኘኸው።»

«ለሆድሽ ብዬ ነው።»

«ለሆዴ ነው ወይስ ለድካምህ?»

ሉባባ አጠገቡ ተኛች። ድምፅዋ ለዘብ አለ።

«እኔም ደክሞኛል» አለች። «ልጅቷ የአንተ ብቻ አልነበረችም። አሁን ከሦስት ቀን በኋላ ስድስት ውርንጭሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በጉም በር ያልፋሉ። ሂድና ጠይቅ። ሐራም ከሆነ ሐራም ነው፤ እንተወዋለን፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን። ካልሆነም ይነገረን። ግን ዲን ከቀበሮ አይጠየቅም።»

ይመር በማግስቱ ወደ ቃዲው ሄደ።

የአገሩ ቃዲ አንበሳ ነበሩ። አርጅተዋል። ጥርሳቸው ስላለቀ ነው ሥጋ ትተው ኪታብ የያዙት ብለው የሚያሟቸው ነበሩ። ቃዲው ሲሰሙ «እሱም አንዱ ምክንያት ነው» ይላሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ከሾላው ሥር ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳይ ይሰማሉ። ይመር ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። ቃዲው ጦጢትን ልከው ቀበሮንና ጅቦን አስጠሩ። ፍየሎቹም መጡ። እማ ጦይባም ተደግፋ መጣች።

«ዘፈን ሐራም ነው ብለሃል አሉ» አሉት ቀበሮን።

«ብያለሁ፣ ቃዲ። ለዲኑ ቀንቼ ነው።»

«መቅናትህ ጥሩ ነው። እኔም የማውቀውን ልናገር።» ቃዲው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱ በአንድ ቃል አልተናገሩም። ዘፈንን አጥብቀው የሚከለክሉ አሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቃሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ሶላት ካላስረሳ፣ ከመጠጥና ከብልግና ከራቀ ምንም አይልም የሚሉም አሉ፤ እነሱም ትንሽ ሰዎች አይደሉም። ድቤን ለሠርግና ለዒድ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ዋሽንትና ክራር ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ ይጠነክራሉ። እኔ ራሴ አርባ ዓመት ሆኖኛል፣ ድቤ ካለበት አልቀመጥም። አባቴም አይቀመጡም ነበር። አህዮቹ በዚህ ሲያልፉ ጆሮዬን አዞራለሁ።»

ቀበሮ ፊቱ በራ። «አላልኩህም?» አለው ይመርን።

«አልጨረስኩም» አሉ ቃዲው። «ይህ ለራሴ የያዝኩት ጥንቃቄ ነው። የእኔን ጥንቃቄ ደግሞ በሌላው አንገት አላንጠለጥለውም። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። የከለከልከው ምን ምኑን ነው?»

«የዘፈን ዕቃ የተባለውን ሁሉ።»

«ሁሉን?»

«አንድም ሳላስቀር።»

«የእኔን ዋሽንት ትተውልኛል» አለች ጦጢት ከቅርንጫፉ ላይ። «የክራሩንም እንጨት መልሰውልኛል። ጅማቱን ብቻ ነው የወሰዱት።»

ቃዲው ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ። «ድቤ ተከልክሎ ዋሽንት የተፈቀደው በየትኛው ኪታብ ነው? እኔ የማውቀው ተገላቢጦሹን ነው። የሚከለክሉትም ሲከለክሉ በዋሽንቱ ይጀምራሉ፤ የሚፈቅዱትም ሲፈቅዱ በድቤው ይጀምራሉ። አንተ ጀርባውን አዙረህ ይዘኸዋል። ማን ነው ያቀራህ?»

«በነገሩ ላይ ልዩነት አለ» አለ ቀበሮ።

«ልዩነት አለ። የቆዳና የእንጨት ልዩነት ግን አልሰማሁም።»

ፍየሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቃዲው ወደ ጅቦ ዞሩ።

«አያ ጅቦ፣ ድቤው የት ነው?»

«የለም።»

«ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም።»

«ተቀበረ?»

ጅቦ ወደ ሆዱ አየ። «እንደሱ ነገር ነው» አለ።

«በላኸው እንዴ?»

«ሐራም ስለሆነ ነው፣ ቃዲ።»

«ሐራም ይበላል?»

ጅቦ አሰበ። ማሰብ ከሩቅ መንገድ በላይ ያደክመዋል። ቀበሮን ፈለገ፤ ቀበሮ ከተቀመጠበት ተነስቶ ከፍየሎቹ ጀርባ ነበር።

«እኔ ብቻ አልበላሁም» አለ ጅቦ በመጨረሻ። «ጠፍሩን ቀበሮ ነው የወሰደው። ጆሮውን ደግሞ እኩል ልንካፈል ነበር፤ ድንጋይ መጣ።»

«የማንን ጆሮ?» አሉ ቃዲው።

«የአሮጊቷን» አለ ጅቦ። ከዚያ የተናገረው ነገር ለራሱም ተሰማው።

«ወስዶታል ብዬ ነበር እኮ» አለች እማ ጦይባ።

ፍየሎቹ ሳቁ። ጦጢት ሳቀች። ዞር ሲሉ ቀበሮ የለም፤ ጥምጣሙ ብቻ ከእሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቃዲው ጅቦን «ከዛሬ ጀምሮ ከጉም በር ሥር አትገኝም። ፍየሎቹ ከላይ ይጠብቃሉ፤ ድንጋይ አይጠፋም» አሉት። ጅቦ ተነሳ። የአባ ቡሬ ጠንካራ ቆዳ ሆዱ ውስጥ ገና አልተፈጨም ነበርና ሲራመድ ሆዱ ያጉረመርም ነበር።

ሁሉም ሄደ። ይመር አልሳቀም፤ አልሄደምም። ከሾላው ሥር ቆሞ ቀረ።

«ሌላ ጉዳይ አለህ» አሉ ቃዲው።

«አንዲት ጥያቄ ነች።» ይመር መሬቱን አየ። «ልጄ የሞተችው በድቤው ነው?»

ቃዲው ጠጋ እንዲል ጠቀሱት።

«አንተ የሌላውን ጭነት ስትሸከም ስለኖርክ ሁሉም ነገር እንደዚያ ይመስልሃል» አሉ። «በአላህ ዘንድ ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም። አባት ድቤ መታ ተብሎ ልጅ አትቀጣም። አጀሏ፣ የተጻፈላት ቀን፣ ደረሰ፤ ሄደች። ሳል ነው የያዛት፤ ሳልም ምክንያት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«ታዲያ ምን አጥፍቼ ነው?»

«ከልጅህ ሞት በፊት? እኔ የማውቀው የለም። ከሞተች በኋላ ግን አለ። ደክሞህ ነበርና የሰባት ዓመቱን ጥበቃ አሳልፈህ ሰጠህ። ያን ደግሞ ማረም ይቻላል።»

«ድቤ የለንም።»

«ሌላ እስኪጠፈር ድምፅህ ይበቃል። በድምፅ ብቻ ሲሆን ከልካዩም ይቀንሳል።»

«አሁንም ደክሞኛል፣ ቃዲ።»

«ይታያል» አሉ ቃዲው። «ሐላል ነው አልኩህ እንጂ ቀላል ነው አላልኩህም።»

ከሁለት ቀን በኋላ አህዮቹ ከቆላ ተነሱ። እማ ጦይባ ጭነት ሳትጭን መጨረሻ ላይ ቆመች። «ቤት ቅሪ» ብለዋት ነበር። «ከእኔ ኋላ ማን ሊሄድ ነው?» አለች። ስድስቱ ውርንጭሎች መሀል ገቡ። ይመር እንደ ልማዱ ከፊት ሆነ። ከእሱ ኋላ፣ ሁለተኛዋን ቦታ፣ ማንም አልያዛትም። ማንም አትያዟት አላለም፤ ግን ሦስተኛው አህያ ራቅ ብሎ ቆመ፤ በመሀላቸው የአንዲት ትንሽ ልጅ ያህል ቦታ ቀረ።

የጉም በር ደረሱ። ጉሙ ጭነቱንም፣ መንገዱንም፣ ገደሉንም ሸፈነው። ከኋላ አንድ ውርንጭላ «ምንም አይታየኝም» አለ። «ለማንም አይታይም፤ ዝም ብለህ ስማ» አለችው እናቱ።

ይመር አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። ከሐምሌ ወዲህ አላወጣም። ደግሞ ሞከረ።

«ሶሉ ዓለነቢ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ።

ከኋላው ዝም አለ። ይህን ነበር የፈራው። ሦስተኛው አህያ ሊቀበል ይችል ነበር፤ ተራው አልደረሰምና አልተቀበለም። ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ሁለተኛው ሳይቀበል ሦስተኛው አይቀበልም። ሁሉም ባለበት ቆመ። አንዱ ቀርቷል ማለት ነውና የቀረችው እስክትገኝ ይጠብቁ ነበር። የቀረችው ግን የትም ተፈልጋ አትገኝም።

ይመር ጉሙ ውስጥ ቆሞ ብዙ ቆየ። ከሥር፣ ከሩቅ፣ ጠጠር ሲንሸራተት ተሰማ። ጅብ ይሁን ድንጋይ አይታወቅም። ስድስት ልጆች መንገዱ ላይ ቆመዋል።

አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ፤ ወደዚያች ባዶ ቦታ። ከዚያም ዝቅ አድርጎ፣ ቀጠን አድርጎ፣ ትንሽ ከዜማው ቀደም ብሎ፣ ራሱ ተቀበለላት።

«ሶሉ ዓለነቢ።»

ሦስተኛው አህያ ወዲያው ተቀበለ። አራተኛው ተቀበለ። ዜማው ጉሙ ውስጥ ወደ ኋላ ይወርድ ጀመር። ውርንጭሎቹ ጋ ሲደርስ አንዱ ቃሉን አሳሳተ፤ አንዷ ሁለት ጊዜ ተቀበለች፤ ቢሆንም አልተቋረጠም። ይመር እየቆጠረ ይሰማል። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ ሰባት። ከዚያ ትንሽ ጭር አለ።

«ሶሉ ዓለነቢ» አለች እማ ጦይባ ከመጨረሻው። «ከፍ አድርገው እንጂ፣ ልጄ። በአንድ ጆሮ ነው የምሰማው።»

ይመር እግሩን አነሳ። ሄደ። ዳግመኛ አወጣ፤ ዳግመኛ ለሐያት ተቀበለላት፤ ዳግመኛም ዜማው እስከ መጨረሻው ወርዶ መጣለት። ድካሙ አልለቀቀውም። ከጭነቱ ጋር ይዞት ወጣ።

ከላይ ጉሙ በሚያልቅበት፣ መንገዱ ደጋውን በሚነካበት ቦታ ላይ፣ ቃዲ አንበሳ ቆመው ነበር። ጆሯቸውን አዙረዋል፤ አርባ ዓመት የያዙትን አልተዉም። ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነበር፤ የመጨረሻዋ አህያ እስክትወጣ ድረስ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፤ ቁጥሩም ሞላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐዘን ባደከመን ጊዜ «ሐራም ነው» ብሎ የሚወስድብን ሲመጣ፣ የወሰደውን ወዴት እንደሚያደርሰው ሳናይና የሚያውቀውን ሳንጠይቅ፣ እርስ በርስ የምንጠባበቅበትን ድምፅ ማስረከብ እንደሌለብን ነው።